ቀጥቃጩ ምን ይፈልጋል

አያ አለልኝ የራሱን ድምፅ ከልጁ ክፍል ሰማ፤ ደም ሲጠይቅ። ጠዋት ነው፤ ግማሽ ጉንጩ ተላጭቶ ግማሹ በአረፋ እንደተሸፈነ ከመታጠቢያ ቤቱ አንገቱን አውጥቶ አዳመጠ። «ደማችሁን አምጡ! አዎ፣ እኔ ነኝ! እኔ ነኝ የበላሁት!» ይላል ድምፁ። ወፍሯል፣ ከጉድጓድ የሚወጣ አስመስለውታል፣ ከኋላው ጅብ ያሽካካል። ቢሆንም ሰው የገዛ ድምፁን አይስትም። የቃሏን መጨረሻ ጎተት የሚያደርጋት እሱ ነው፤ በየመካከሉ ጉሮሮውን የሚጠርጋትም እሱ ነው። ሰው ገና ፊቱን ሳይታጠብ ድምፁ ቀድሞት ተነሥቶ ነፍስ ሲያጠፋ ቢያገኘው ምን ይላል? አያ አለልኝ አረፋውን በፎጣ ጠረገና ግማሽ ጢሙን እንደያዘ የልጁን በር ገፋ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ይህ ማክሰኞ የአያ አለልኝ የክብር ቀን ነበር። ልጁ ሙኒት የኮምፒውተር ጨዋታ የሚሠራ ድርጅት ውስጥ ሥዕል ትሥላለች፤ ድርጅቱም እዚሁ እስራኤል፣ ሀደራ ከተማ፣ ጋራዥና የአልሙኒየም ሱቅ በተደረደረበት የኢንዱስትሪ ሰፈር ነው። ከአዲስ ዓመቱ በዓላት ማግሥት «አባ፣ በጨዋታችን ውስጥ የጎንደር አማርኛ የሚናገር ሽማግሌ ቀጥቃጭ አለ፤ ድምፁን አንተ ብትሆን?» ብላ ጠየቀችው። ሙኒት እዚሁ የተወለደች ናት፤ አንቱታ የሚባል ነገር በየት በኩል እንደሚገባ አታውቅም፣ አባትየውም በዚህ ማኩረፉን ትቶ ከርሟል። ቀጥቃጭ ሲባል ደስ አለው። አባቱ ቀጥቃጭ ነበር፤ እሱም ጉልበቱ እስኪከዳው ድረስ ብየዳ ቤት ብረት ሲያጣብቅ ኖሯል። ቀጥቃጩ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ምን እንደሚሠራ አልጠየቀም። ይልቅ ወሬውን ነዛው። ከሕንፃው ሥር አግዳሚው ላይ ነገረ፣ ክሊኒክ ወረፋ ላይ ነገረ፣ የቲማቲም ዋጋ ሰማይ ነካ እየተባለ በሚታማበት አትክልት ሱቅ ነገረ፤ ጸሎት ቤት ሳይቀር ለጸሎቱ የግድ የሚያስፈልገው አሥረኛው ሰው እስኪመጣ ሲጠብቁ ነገረ። ጎረቤቱ ዮሐናን «እንግዲህ አሁኑኑ እንሳምህ፤ ኋላ በዘበኛ ካልሆነ አናገኝህም» ሲለው፣ ሰውየው ቀልዱን እንደ ቀልድ አልወሰደውም። ለዛሬ ሱፉን አስተኩሶ ሰቅሏል። ሚስቱ ጥሩአለም ደግሞ ለማታ ጎረቤት ጠርታ ለድፎ ዳቦ ሊጥ አቡክታለች።

የሙኒት ክፍል ውስጥ ቀንም ማታም የለም። የመስኮቱ መዝጊያ ሁልጊዜ ወርዶ ነው የሚገኘው፤ ከሁለቱ ስክሪኖች በሚወጣው ሰማያዊ ብርሃን ልጅቷ የታመመ ሰው ትመስላለች። ወለሉ ላይ የሱፍ ፍሬ ቅርፊት ተበትኗል። በስክሪኑ ላይ ጥቁር ግንብ ቆሟል፤ ጉም እግሩን ይልሰዋል፤ ጨረቃዋ ቢጫ ሆና ተንጠልጥላለች፤ ከሩቅ የሚያንጎራጉር ነገር አለ፣ ሰው ይሁን ነፋስ አይለይም። ከግንቡ ሥር ጎጆዎች፣ በጎጆዎቹ መካከል ፍም። በዚያ ሁሉ ጨለማ ቀይ የሆነው ያ ፍም ብቻ ነው።

«አባ! ማታ ላሰማህ ብዬ ነበር፤ አበላሸኸው እኮ!» አለች ሙኒት፤ ደስታዋ ግን ከፊቷ አልወረደም።

«እኔ ይኼን መቼ ነው ያልኩት?»

«በትሂላ ልደት! ለልጆቹ ተረት ስትነግራቸው በስልኬ ቀዳሁህ። ለሙከራ ነው ያስገባነው፤ ዛሬ ስቱዲዮ ገብተህ በደንብ ትለዋለህ።» ትሂላ የታላቅ ወንድሟ ልጅ ናት።

አለልኝ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለ። «ይኼ የፋሲል ግንብ አይደለም እንዴ? ጥላሸት ቀባችሁት እንጂ።»

«ናቾን! በትክክል!» እጇን አጨበጨበች። ያንን ግንብ የካቡት የኛ ባለ እጆች ናቸው ሲባል አለልኝ ልጅ ሳለ ሰምቷል። አሁን እነዚያን ባለ እጆች ከግንቡ ሥር አያቸው፤ ጉም ውስጥ አጎንብሰው። ልጅቷ ምንም አልሳተችም። ወናፉ ወናፍ ነው፣ ጉጠቱ ጉጠት ነው፣ መዶሻው በአያያዙ ሳይቀር መዶሻ ነው። «እጆቹን እያቸው» ብላ አቀረበችለት። የአውራ ጣቱ ጥፍር በመዶሻ የተሰነጠቀ ነው። የራሱ የአለልኝ አውራ ጣት ነው። ባለፈው ክረምት እጆቹን እያገላበጠች ፎቶ ስታነሣው «ለምንሽ ነው?» ብሏት፣ «ቆንጆ ስለሆኑ» ስትለው ሳምንቱን ሙሉ በቅባት ሲያሻቸው ሰንብቶ ነበር። ከእጆቹ በላይ ያለው ፊት ግን የሰው አይደለም። መንጋጋው ወደፊት ወጥቷል፣ ጥርሱ የጅብ ነው፣ ጆሮው ላይ የወርቅ ጉትቻ ይብለጨለጫል።

ሙኒት ማስረዳት ጀመረች። ጨዋታው ስለ ዓርፓዶች ነው፤ ዓርፓድ እንግዲህ በዕብራይስጥ ሌሊት ሌሊት ደም የሚመጥ፣ ሞትን እምቢ ያለ ሰው ነው። እያንዳንዱ ሰው ሞቲቫጽያ ሊኖረው ይገባል፤ ምን እንደሚፈልግና ለምን እንደሚፈልግ። የግንቡ ጌታ ሞትን የሸሸው ወንድሙን ካልቀበርኩ አልሞትም ብሎ ስለማለ ነው፤ የወንድሙን ሬሳ ግን አላገኘውም። እመቤቲቱ በየኮሪደሩ በር የምታንኳኳው የሞተች ልጇ ከአንዱ ክፍል ትወጣልኛለች ብላ ነው። በረኛው መስተዋት ሁሉ የሰበረው ሲያየው ባዶ ስለሆነበት ነው። አዳኙ እንኳ ሙሽራውን ተነጥቆ ነው። ልጅቷ ይህን ስትናገር ዓይኗ እንባ ያቀርራል፤ አለልኝም ሰው ነውና ለዚያች በር አንኳኪ ሴት ሆዱ ባባ።

«የኔውስ ቀጥቃጭ? እሱ ምን ይፈልጋል?»

«እሱ ይርበዋል» አለች ሙኒት።

«ሌላስ?»

«ሌላ የለውም፤ ቡዳ ነው እኮ! ቀን ብረት ይቀጠቅጣል፣ ማታ ጅብ ይሆናል፣ ደም ይጠጣል። ራስህ ነህ የነገርከኝ። አለቃችን ኦረን ሲሰማው አበደ፤ ‘በዓለም ማንም የሌለው ዓርፓድ አለን’ አለ። የኛ ነው አባ! ከቤታችን የወጣ!»

አለልኝ ከወገቡ ቀና አለ። ግንብ ያላቸው ሁሉ ሐዘን አላቸው፤ ወናፍ ያለው ብቻ ርሃብ። «ጢሜን ልጨርስ» ብሎ ወጣ።

ወደ መታጠቢያ ቤቱ አልተመለሰም፤ ማድ ቤት ገባ። ጥሩአለም ዱቄት በዱቄት ሆና ሊጡን ትደልቃለች። ነገሩን በሹክሹክታ ነገራት፤ እሷ መደለቋን አላቆመችም፣ ይልቅ ባሰባት። እነዚህ ባልና ሚስት ልጆቻቸው ትንንሽ ሳሉ በአንድ ነገር ተስማምተው ነበር፤ ተስማሙ ማለት ተነጋገሩ ማለት ግን አይደለም። ልጆቹ የአገር ቤት ተረት ካልነገራችሁን አንተኛም ሲሉ፣ አለልኝ በእጁ ያለውን ተረት አወጣ፤ ያውም የጎረቤት ልጆች በእሱ ላይ ሲናገሩት ሰምቶ ያደገውን። «በአንድ ሩቅ አገር፣ ቀን ቀን ቀጥቃጭ፣ ማታ ማታ ጅብ የሆነ ሰው ነበር» ብሎ ጀመረ። ጅቡን አስመስሎ አሽካካ፣ ጆሮው ላይ ጉትቻ ያለው ጅብ ተገድሎ ተገኘ አለ፣ ሲይዙት «እኔ ነኝ የበላሁት» ብሎ ሲናዘዝ አስመሰለ። ልጆቹ በሣቅ ተንፈራፈሩ። ያ ቡዳ ማን እንደሆነ አልተነገረም። ተረቱን አወረሱ፣ ተረቱ የተነገረበትን ሰው ደበቁ። በዚህ አገር እንዲህ ያደረገ አለልኝ ብቻ አይደለም፤ በሰፈራችን በቤት ኤሊዔዘር በር በሩን ብናንኳኳ ስንቱ ቤት ጉድ ይወጣ ነበር።

«ልነግራት ነው» አለ።

«ምን ብለህ? ልጄ፣ ቡዳ የሚሉት እኛን ነበር ብለህ? አርባ ዓመት ዝም ብለን ኖረን ዛሬ፣ በማክሰኞ?»

«አባቴን እኮ ነው ጅብ ያደረገችው!»

«አላወቀችም። አንተ ሰውዬ፣ የልጅቷን እንጀራ አትዝጋ። የጨዋታውን መንደር ሙሉ ለእሷ ነው የሰጧት። ሁለት ቃል ጮኸህ ብትመጣ ምን ይጎድልብሃል? ድሮ ለልጆቹ ስታሽካካ አልጎደለብህ።»

ሊጡን አንሥታ ጣለችው። አለልኝ ሄዶ ቀሪውን ጢሙን ተላጨ፤ አገጩንም ቆረጠው። ደሙን በትንሽ ወረቀት ሲያብስ በመስተዋት ውስጥ ያየው ፊት የጅብ አልነበረም፤ የአንድ የተናደደ ጡረተኛ ፊት ነበር። ሱፉን ለበሰ። በሙኒት መኪና ሲሄዱ ልጅቷ አላቋረጠችም፤ ዛሬ ካለቀ በኋላ መንደሩ እንደማይነካ፣ ጨዋታው በስንትና ስንት አገር እንደሚሸጥ፣ አማርኛ በዚህ ዓይነት ጨዋታ ውስጥ ተሰምቶ እንደማያውቅ፣ ስሟ መጨረሻ ላይ ከሥዕሉ ኃላፊዎች ጋር እንደሚጻፍ። «ያንተም ይጻፋል አባ» አለችው። አለልኝ በመስኮት የጋራዦቹን የዛገ ቆርቆሮ ሲመለከት ነበር።

ኦረን የተባለው የጨዋታው አዘጋጅ በክረምት ቁምጣ የሚለብስ፣ ሰው ሁሉ የሚወደው ዓይነት ሰው ነው። በሩ ላይ አለልኝን አቅፎ ጀርባውን መታ መታ አደረገው፣ ወንበር ሳበለት፣ ውኃ ራሱ ቀዳለት። ክፉ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይቀል ነበር። ድምፅ የምትቀዳው ሪናት ደግሞ ቃል የማታበዛ ሴት ናት፤ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አስተካክላ ጠባቧ ክፍል ውስጥ አስገባችው። ግድግዳው በስፖንጅ ተለብጧል፤ እዚያ ውስጥ ሰው ሲናገር ቃሉ ከአፉ ሳይርቅ ይሞታል። ከመስታወቱ ማዶ ሦስቱ ተደርድረው ያዩታል። ኦረን በዕብራይስጥ ይናገራል፣ ሙኒት ወደ አማርኛ ትመልሳለች፤ አባትየው ዕብራይስጡ የብየዳ ቤት ዕብራይስጥ ነውና።

ከፊቱ ያለው ስክሪን የመጨረሻውን ትዕይንት አሳየው። ቀጥቃጩ በጉልበቱ ተንበርክኳል። ዙሪያውን ችቦ የያዙ ሰዎች ቆመዋል። ተጫዋቹ የተሳለ እንጨት ይዞ ከፊቱ ይቆማል፤ ቀጥቃጩ ይናዘዛል፤ እንጨቱ ደረቱ ውስጥ ይገባል፤ የግንቡ በር ይከፈታል። «አዎ፣ እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ የበላሁት» ነው የሚለው፤ ሌላ ነገር የለም። አለልኝ አፉን ከፈተ። አልወጣለትም። ውኃ ሰጡት። እንደገና ሞከረ፤ ጉሮሮውን ጠርጎ ቀረ።

ኦረን ወደ ሙኒት ዞሮ በለሆሳስ አንድ ነገር አላት። ሙኒት ትንሽ አመነታች። አለልኝ ግን ሰምቷል። «ወደዚህ አገር ሲመጣ በሱዳን መንገድ ላይ ተርቦ የለ? ያንን ርሃብ ያስበው፤ ደም ደም የሚለው እንዲሁ ነው በይው» ነበር ያለው። በዚያ መንገድ አለልኝ እናቱን ቀብሯል።

ማዳመጫውን ከአንድ ጆሮው ገፋ።

«ሙኒት» አለ በአማርኛ። «አትተርጉሚ፤ ስሚ ብቻ። ያ ተረት ተረት አይደለም። ቡዳ የሚሉት እኛን ነው። ባለ እጁን፣ ሸክላ ሠሪዋን፣ ፈላሻ እያሉ የሚጠሩንን። ቀን ማረሻቸውን እንሠራላቸዋለን፣ ማታ ጅብ ናችሁ፣ ደም ትጠጣላችሁ ይሉናል። አባቴ ተገኘ ለአንዱ ማረሻ ሠራለት፤ በማግሥቱ የሰውየው ልጅ ታመመ። ወባ ነው። ጢስ አጠኑትና ‘ማን ነው የበላህ? ስሙን ጥራ’ አሉት። ሕፃን ነው፣ ትኩሳት ያነደዋል፤ አፉ ላይ የመጣውን ስም ጠራ። ‘እኔ ተገኘ ነኝ’ አለ። በልጁ አፍ የተናገረው አባቴ ነው አሉ! ማረሻ ይዘው የሄዱት ዱላ ይዘው ተመለሱ። ወናፉን ቀደዱት። እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ፤ ገና ጥርሴን ያልነቀልኩ ልጅ ነኝ። ‘እኔ ነኝ የበላሁት በል፤ ልቀቀው፤ አለዚያ ከዚህ አትነሣም’ አሉት። አባቴ እኔን አየኝ። አየኝና ‘አዎ’ አለ። ‘እኔ ነኝ። እኔ ነኝ የበላሁት። ለቅቄዋለሁ።’ ልጁ ሰነባብቶ ዳነ፤ ይኸው ለቀቀው ተባለ! እንግዲህ ይህቺን ቃል ነው በል የምትሉኝ። አባቴ ዱላ ላዩ ላይ ሆኖ ያላትን፣ እኔ ሱፍ ለብሼ ልበላት?»

ስፖንጁ እንኳ ይህን ድምፅ አልዋጠውም። በሪናት ጠረጴዛ ላይ የድምፅ መለኪያው አረንጓዴ መብራት ዘልሎ ቀይ ላይ ቆሞ ነበር፤ አሁን ቀስ ብሎ ወረደ። ኦረን ከወንበሩ ተፈናጥሮ ተነሣ።

«ይኼ ነው! ዓመት ሙሉ ስፈልገው የኖርኩት ይኼ ነው! ሪናት፣ ቀድተሽዋል አይደል? ሙኒት፣ ምንድነው ያለው? ደግሞ ምንም ይበል፤ ቁጣውን ሰማችሁት? ሰውነቴን ወረረኝ!» ክንዱን አሳያቸው፤ እውነትም ጠጉሩ ቆሟል።

ሙኒት ፊቷ አመድ መስሏል። ተረጎመችለት። አንዲት ቃል አላለሰለሰችም። «አባቴ እንዲህ ይላል» ብላ ነበር የጀመረችው፤ መሐል ላይ ስትደርስ ግን «እኛን» አለች። «እኛን ቡዳ ይሉን ነበር። ወናፋችንን ቀደዱት።» የብየዳ ቤት ዕብራይስጥ ለዚህ በቂ ነው፤ አለልኝ ሰማ። ታሪኩ በዕብራይስጥ ሲነገር ሲሰማ ይህ የመጀመሪያው ነው፤ ያውም ከገዛ ልጁ አፍ።

ኦረን ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ዓይኑ ረጥቦ ነበር፤ አልዋሸም፣ እውነት አዝኗል። ፊቱን በእጁ አሸት አሸት አደረገ። ከዚያ ቀና ሲል ፊቱ በርቷል። «ይኼ እኮ ሁሉን ይለውጠዋል። ሞቲቫጽያ አገኘንለት! ዓርፓድ ብቻ መሆኑ ቀረ፤ በደል ዓርፓድ ያደረገው ሰው ነው። ተጫዋቹ መጀመሪያ ይህን ታሪክ ይሰማል፣ በዚሁ በአባትሽ ድምፅ፣ ልቡ ይሰበራል፣ ያለቅሳል…»

«ከዚያስ?» አለ አለልኝ፣ በዕብራይስጥ።

«ከዚያማ…» ኦረን ወደ ሙኒት ተመለከተ። «በሩ እንዲከፈት መሞት አለበት። ጨዋታ ነው።»

«አልቅሰው ይገድሉናል ማለት ነው» አለ አለልኝ በአማርኛ። ሣቅ መጣበት፤ ክፉ ሣቅ፣ ጥርስ የሚያሳይ እንጂ የማያሰማ። «አገር ቤት ያሉት ቢያንስ ሳያለቅሱ ነበር የሚመቱን።»

ሙኒት ይህንን አልተረጎመችም። «ሪናት፣ አጥፊው» አለች።

«ማንም ምንም አያጠፋም» አለ ኦረን።

ሪናት ሁለቱን ተራ በተራ አየች፤ ከዚያ በመስታወቱ በኩል ወደ አለልኝ ዞረች። «ድምፁ የእርስዎ ነው አባ። ምን ይላሉ?» አንቱታን በዕብራይስጥ አታገኘውም፤ በድምፅዋ ግን ነበረ። አለልኝ ማዳመጫውን አውልቆ በእጁ አየሩን ጠረገ፤ ይጥፋ እንደማለት። ሪናት ማጥፊያውን ተጫነች። የልደቱንም ቅጂ ጨምራ አጠፋችው። ኦረን የጮኸው ጩኸት የስፖንጁ ክፍል ውስጥ አልደረሰም፤ አለልኝ የአፉን መከፈትና መዘጋት ብቻ አየ።

ሙኒት ከዚያ ወደ ጠረጴዛዋ ሄዳ ሥዕሏን ከፈተች። ሠራተኞቹ ሁሉ አንገታቸውን አስግገው ያዩ ነበር። መጀመሪያ ጉትቻውን አነሣች። ከዚያ እጆቹን። አንዱን፣ ደግሞ ሌላውን። ስክሪኑ ላይ ቀጥቃጩ ባዶ እጅጌ ሆኖ ቀረ፤ መዶሻው አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይወጣል ይወርዳል፣ የሚይዘው የለም።

«ግልባጩ እኮ አለን» አለ ኦረን ከኋላዋ፤ አሁን ጮክ አላለም፤ ልቡ የተሰበረ ይመስላል። «መንደሩ የድርጅቱ ነው፣ ሙኒት። ሌላ ሽማግሌ እናገኛለን፣ ሌላ ሠዓሊም እናገኛለን። ነገ ስትመጪ እንነጋገራለን። ወይም አትምጪ።»

«ግልባጭ እንዳለ አውቃለሁ» አለች። «በኔ እጅ ግን አይሆንም።»

መኪናዋን ወደ ቤት አልነዳችውም። ናሓል ሀደራ ወንዝ ዳር፣ ባሕር ዛፎቹ ሥር አቆመችው። የሥራ ቀን ስለሆነ ሰው የለም፤ አንድ ሰው ውሻውን ይዞ ያልፋል፣ የጥብስ ሽታ ከቅዳሜ የተረፈ ይመስል ከሣሩ ላይ አልለቀቀም። አለልኝ ልጁ ታለቅሳለች ብሎ ጠብቆ ነበር። አላለቀሰችም።

«ሁለት ዓመት!» አለች መሪውን እየመታች። «ሁለት ዓመት ስሥለው ቤት ውስጥ ነበርኩ! እማ ምሳ ታመጣልኛለች፣ አንተ በሩ ላይ ቆመህ ‘በርቺ’ ትለኛለህ! የደሙን ታሪክ ነግረኸኛል። እዚህ አገር ለደም ባንክ የለገሳችሁትን ደም በስውር እንደደፉት፣ ሰልፍ እንደወጣህ፣ ፖሊስ ውኃ እንደረጨህ ነግረኸኛል። ትምህርት ቤት ቆሜ ተናግሬዋለሁ፣ መምህሯ ናት ዓይኔን የሸሸችው! ያንን ከነገርከኝ ይኼን ምን ከለከለህ? እያሳቅከኝ እኮ ነው የነገርከኝ አባ! ዱላውን በእጄ ሰጥተኸኝ እየሳቅኩ መታሁህ!»

አለልኝ ረጅም ጊዜ ዝም አለ። እንዲህ ያለው ዝምታ በዚያ ቤተሰብ ውስጥ አዲስ አይደለም፤ ከዕቃዎቹ አንዱ ነው፣ ከሶፋው ቀድሞ የገባ። «ደሙን የደፉት እነሱ ናቸው» አለ በመጨረሻ። «ሰው በሌላው ጥፋት ይጮኻል። ይኼኛውን ግን አባቴ በገዛ አፉ አለው። ‘እኔ ነኝ’ አለ። እኔ ሰማሁት። ልጅ ነበርኩ፤ ለጊዜው… አመንኩት። ማታ አብሬው መተኛት ፈራሁ።»

ሙኒት እጇን ከመሪው ላይ አወረደች። ሞተሩን አስነሣች።

ቤት ሲደርሱ ቤቱ ሞልቷል። ጥሩአለም ድፎውን መሐል ጠረጴዛ ላይ አውጥታዋለች፣ ዙሪያውን የአይብ ቡሬካስ፣ የሱፍ ፍሬ፣ ኮላ። ዮሐናን ሶፋውን ይዟል። ከላይኛው ፎቅ ያለችው ዘርፈሽ፣ ሰባ ያለፋት፣ አፏ ግን ገና ወጣት የሆነች ሴት፣ የልጅ ልጆቿን አስከትላ መጥታለች፤ ልጆቹ ከትሂላ ጋር ምንጣፉ ላይ ስልክ እየተነጣጠቁ ነው። አለልኝ ሲገባ እልልታ ቀለጠ።

«ተነሡ፣ ተዋናዩን አስቀምጡት!» አለ ዮሐናን። «አያ አለልኝ፣ በል እስኪ አሰማን! ድምፁን! ሴቶቹ እንዲወድቁ!»

ጥሩአለም የባሏን ፊት አየች፣ የልጇን ፊት አየች፣ ቢላዋውን ዳቦው ላይ እንዳቆመችው ቀረች።

«ምን አድርገው ሠሩህ? ንጉሥ? ጄኔራል?» አለች ዘርፈሽ።

«ቡዳ» አለ አለልኝ።

እንደ ቀልድ የጀመረ ሣቅ ነበር፤ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። በዚያ ሳሎን ውስጥ ካሉት አዋቂዎች ይህን ቃል የማያውቅ የለም፤ ልጆቹ ፊት ሲጠራ የሰማ ግን የለም። ዮሐናን የሱፍ ፍሬውን ጥርሱ ላይ እንደያዘ ቀረ። ሙኒት በሩን ተደግፋ ቆማ ነበር። «እስኪ ልጠይቃችሁ» አለች፤ አማርኛዋ እየተሰባበረ ቢሆንም ድምፅዋ አልተሰበረም። «ቡዳ ማን እንደሆነ ለልጆቹ የነገረ ከእናንተ ማን አለ? አንድ ሰው። አንድ ሰው ብቻ እጁን ያንሣ።»

«ዳይ፣ በቃ! ልጆች አሉ!» አለች ዘርፈሽ።

«ልጆች እንዲሰሙ ነው የምጠይቀው!»

«ስድ አደግ! ሽማግሌ ፊት እንዲህ ይባላል? ተነሡ፣ ተነሡ ልጆች፤ ይኼ ወሬ የናንተ አይደለም።» ዘርፈሽ የልጆቹን ክንድ ጨብጣ፣ ነጠላዋን እየጎተተች፣ ሙኒትን በትከሻዋ ገፍታ ወጣች። ማንም አልከለከላትም። ጥሩአለም «ዘርፈሽ፣ ዳቦውን እንኳ…» ብላ ዋጠችው።

አለልኝ ሱፉን እንደለበሰ ተከተላት። ጎረቤት ማስቀየም እንዲህ በቀላሉ የማይሽር መሆኑን ያውቃል፤ ነገ አግዳሚው ላይ ማን ከማን ጋር እንደሚቀመጥም ያውቃል። ደረጃው ላይ ደረሰ። ሴትዮዋ ግማሽ ፎቅ ወጥታለች።

«ዘርፈሽ!» ድምፁ ከሲሚንቶው ጋር ተላትሞ እስከ ላይ ወጣ፣ እስከ ታች ወረደ። «አባቴን ተገኘን ጠርተውታል! በታመመ ልጅ አፍ ስሙን ጠርተው በዱላ አናዘዙት! እኔ ነኝ በል አሉት! አባቴ የማንንም ደም አልበላም! ያንቺንስ? ያንቺን አባት አልጠሩትም?»

በየፎቁ በር መከፈት ጀመረ። ከታች አንድ ሰው በራሽያኛ «ምን ተፈጠረ?» አለ። የደረጃው መብራት እንደ ልማዱ በራሱ ጠፋ፤ ማንም ቶሎ አላበራውም። በጨለማው ውስጥ ከዘርፈሽ የልጅ ልጆች አንዷ «ሳፍታ፣ ቡዳ ምንድነው?» ስትል ተሰማች። ልጅቷ አያቷን ደግማ ጠየቀች።

አንድ ሰው መብራቱን ተጫነ። ዘርፈሽ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላለች፤ የልጆቹን ክንድ አልለቀቀችም፣ ነጠላዋ ከትከሻዋ ወርዷል። አለልኝን ከላይ ቁልቁል አየችው፤ ፊቷ ላይ ንዴት እንጂ ሌላ ነገር አልነበረም።

«አባቴን አይደለም» አለች። «እናቴን ነው የጠሯት።»